አፋን ኦሮሞና ባሃሳ ኢንዶኔሲያ፦ የሁለት ቋንቋዎች ንጽጽር

አፋን ኦሮሞ ከአፍሮ-እስያ ቋንቋዎች የኩሽ ቅርንጫፍ ነው፤ ሶማሊኛና አፋርኛ የቅርብ፣ አማርኛ የሩቅ ዘመዶቹ ናቸው። ኢንዶኔዥኛ የአውስትሮኔዥያ ቤተሰብ ሲሆን የተገነባው በማላይኛ ላይ ነው። በሁለቱ መካከል የዘር ዝምድና የለም። የስም ሐረግ አሠራራቸው ግን እጅግ ይመሳሰላል፤ በዚህ ረገድ አፋን ኦሮሞ ከዘመዱ ከአማርኛ ይልቅ ወደ ኢንዶኔዥኛ ይጠጋል።

ከዚህ በታች ባሉት የአፋን ኦሮሞ ምሳሌዎች «ለ» አጭሩን፣ «ላ» ረጅሙን አናባቢ ያሳያል። በኢንዶኔዥኛው ግን «ለ» እንደ አማርኛው ይነበባል።

አማርኛ «ይህ ትልቅ ቤት» ሲል ጠቋሚውና ቅጽሉ ይቀድማሉ። አፋን ኦሮሞ «መነ ጉዳ ከነ»፣ ኢንዶኔዥኛም «ሩማህ በሳር ኢኒ» ይላል፤ ሁለቱም በቅደም ተከተል ቤት፣ ትልቅ፣ ይህ ናቸው። ባለቤትም ከንብረቱ ኋላ ይመጣል፦ «ቤቴ» ለማለት «መነ ኮ» እና «ሩማህ ሳያ»። ምግብ ቤት «መነ ኛታ» እና «ሩማህ ማካን» ነው፤ የቋንቋዎቹ ስሞች ራሳቸው በዚሁ ስልት የተሠሩ ናቸው። ልዩነቱ፣ አፋን ኦሮሞ የባለቤቱን የመጨረሻ አናባቢ ያስረዝማል («ነመ» ሰው፣ «መነ ነማ» የሰው ቤት)፤ ኢንዶኔዥኛ ምንም አይነካም። ሐረጉ የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ሲሆን ደግሞ በአፋን ኦሮሞ ሦስቱም ቃላት ይለወጣሉ፦ «መኒ ጉዳን ኩን»። ኢንዶኔዥያዊ ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚስተው ይህን ነው፤ ስሙን ለውጦ ቅጽሉን እንደነበረ ይተወዋል።

ቁጥር ላይ መንገዳቸው ይለያያል። «ሁለት ቤት» በአፋን ኦሮሞ «መነ ለመ»፣ በኢንዶኔዥኛ «ዱዋ ሩማህ» ነው። ከቁጥር ጋር ስሙን ወደ ብዙ ማዞር በሁለቱም አያስፈልግም። ያለ ቁጥር አፋን ኦሮሞ ቅጥያ ይጨምራል («ነሞተ»)፣ ኢንዶኔዥኛ ቃሉን ይደግማል («ሩማህ-ሩማህ»)። ድግግሞሽ ለአፋን ኦሮሞም እንግዳ አይደለም፤ የሚደግመው ግን የቃሉን መነሻ ብቻ ነው፦ «ጉዳ» ትልቅ፣ «ጉርጉዳ» ትልልቅ።

ግስ ላይ ሲደረስ መመሳሰሉ ያበቃል። «ተማሪው መጽሐፍ አነበበ» በአፋን ኦሮሞ «በረታን ኪታበ ዱቢሴ» ሲሆን ግሱ እንደ አማርኛው መጨረሻ ላይ ይቀመጣል፤ ተማሪዋ ሴት ስትሆን «በረቱን ኪታበ ዱቢፍቴ» ይባላል። በኢንዶኔዥኛ «ፐላጃር ሱዳህ መምባቻ ቡኩ» ነው፦ ግሱ መሐል ይገባል፣ ጾታ አይለይም፣ በጊዜም አይለወጥም። ድርጊቱ መፈጸሙን የሚናገረው «ሱዳህ» ነው፤ በመካሄድ ላይ ላለው «ሰዳንግ»፣ ለሚመጣው «አካን» ይገባል።

ቃል ማርባት ሁለቱም ያውቃሉ፣ ግን በተቃራኒ ጫፍ። አፋን ኦሮሞ ከ«በር» ግንድ «በረቹ» (መማር)፣ «በርሲሱ» (ማስተማር)፣ «በርሲሳ» (አስተማሪ) ያወጣል። ኢንዶኔዥኛ ከ«አጃር» «በላጃር» (መማር)፣ «መንጋጃር» (ማስተማር)፣ «ፐንጋጃር» (አስተማሪ) ይሠራል። የድምፅ ለውጡም እንዲሁ ነው፤ በአፋን ኦሮሞ የግንዱ መጨረሻ ይነካል («ዹጌ» ጠጣ፣ «ዹግዴ» ጠጣች)፣ በኢንዶኔዥኛ መነሻው ይጠፋል፦ «ቱሊስ» «መኑሊስ» (መጻፍ)፣ «ፑኩል» «መሙኩል» (መምታት)፣ «ሳፑ» «መኛፑ» (መጥረግ) ይሆናሉ። ስለዚህ «መኛፑ»ን መዝገበ ቃላት ውስጥ በ«መ» የሚፈልግ ብዙውን ጊዜ አያገኘውም፤ ቅጥያውን ገፎ፣ የጠፋውን «ሳ» መልሶ፣ «ሳፑ» ላይ መፈለግ አለበት።

በአሉታ ሁለቱም ግስንና ስምን ይለያሉ። «ይህ ቤት አይደለም» «ኩን መነ ሚቲ» እና «ኢኒ ቡካን ሩማህ» ነው። ለግስ ኢንዶኔዥኛ «ቲዳክ»ን ከፊት ማስቀመጥ ይበቃዋል፤ አፋን ኦሮሞ ግን «ሂን» ጨምሮ መድረሻውንም ይለውጣል፦ «ዴመ» (እሄዳለሁ)፣ «ሂን ዴሙ» (አልሄድም)። ወደፊት ሊሆን ለሚችል ነገር ኢንዶኔዥያውያን «በሉም» (ገና ነው) ይላሉ፤ «አግብተሃል?» ለሚል ጥያቄም የተለመደው መልስ ይኸው ነው።

ሁለቱም የሚጻፉት በላቲን ፊደል ነው። ማላይኛ ቀድሞ ጃዊ በተባለው የዓረብኛ ፊደል ይጻፍ ነበር። አፋን ኦሮሞም በግዕዝ ፊደል ተጽፏል፤ ኦኔሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር ያዘጋጁት መጽሐፍ ቅዱስ እ.ኤ.አ. በ1899 የታተመው በዚሁ ነው። ቁቤ የተባለው የአፋን ኦሮሞ የላቲን አጻጻፍ በይፋ የተመረጠው በ1984 ዓ.ም. ሲሆን ዋናው ጥቅሙ ርዝመትንና ጥብቀትን መጻፉ ነው። «ለፈ» (መሬት) እና «ላፋ» (ለስላሳ) በግዕዝ ይለያሉ፤ «በዳ» (መጥፎ) እና «በዳ» ጠብቆ (ደጋ) ግን አይለዩም። ቁቤ አናባቢውን ወይም ተነባቢውን ደግሞ በመጻፍ ይለያቸዋል። ኢንዶኔዥኛ የርዝመት ልዩነት የለውም፤ የእሱ ችግር «ኧ» እና «ኤ» በአንድ ፊደል መጻፋቸው ነው። «ተራስ» (እምብርት፣ ዋና ክፍል) እና «ቴራስ» (በረንዳ) አጻጻፋቸው አንድ ስለሆነ አንባቢው ከዐውዱ ይለያል።

ትልቁ የንባብ ወጥመድ «ሲ» የተባለው ፊደል ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ከተደረገው የአጻጻፍ ማሻሻያ ወዲህ በኢንዶኔዥኛ «ች» ነው፤ በቁቤ «ጭ» ነው። ጫላ የሚለውን ስም ኢንዶኔዥያዊ «ቻላ» ብሎ ያነበዋል። በቁቤ «ቅ» እና «ጥ»ን የሚወክሉት «ኪው» እና «ኤክስ» ደግሞ በኢንዶኔዥኛ ከባዕድ ቃላት ውጭ እምብዛም አይታዩም።

የጋራ ቃላቸው በአብዛኛው ከዓረብኛ የመጣ ነው፦ ሐሙስ «ከሚሰ» እና «ካሚስ»፣ ዓርብ «ጅማተ» እና «ጁማት»። መጽሐፍ በአፋን ኦሮሞ «ኪታበ» ነው፤ በኢንዶኔዥኛ «ኪታብ» በይበልጥ ለሃይማኖት መጻሕፍት ይቀራል፣ ሌላው ከደችኛ የተወሰደው «ቡኩ» ነው። በአጋጣሚ የሚመሳሰሉት ግን ያሳስታሉ። በቁቤ ሁለት ሰው ማለት የሆነው «ነመ ለመ»፣ ያው ጽሑፍ በኢንዶኔዥኛ «የቀድሞ ስም» ማለት ነው። ቤት የሆነው «መነ» ደግሞ እዚያ «የት» ወይም «የትኛው» ነው።

ለተርጓሚ አስቸጋሪው ቃል «እኛ» ነው። አፋን ኦሮሞ እንደ አማርኛ አንድ «ኑቲ» ብቻ አለው። ኢንዶኔዥኛ አድማጩን የሚጨምር «ኪታ» እና የማይጨምር «ካሚ» አለው። «ነገ እንሄዳለን» የሚለውን ወደ ኢንዶኔዥኛ የሚመልስ ሰው አድማጩ አብሮ መሄድ አለመሄዱን አስቀድሞ ማወቅ አለበት፤ አድማጩን የማይጨምር ጉዞ በ«ኪታ» ከተጻፈ ሰሚው ራሱን እንደ ተጋባዥ ይቆጥራል።