የዊሊያም ኬንትሪጅ ከሰልና ላጲስ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደቡብ አፍሪካዊው ዊሊያም ኬንትሪጅ በ1955 እ.ኤ.አ. ጆሃንስበርግ ተወለደ። የከሰል ስዕል ይስላል፣ ህትመት ያትማል፣ አኒሜሽን በእጁ ይሠራል። ስለ አሠራሩ የሚባለው ግን ብዙ ጊዜ ከእውነታው ይርቃል።

«በእጅ የሚሳል አኒሜሽን ሺዎች ወረቀት ይፈጃል።» ለተለመደው ካርቱን እውነት ነው። ኬንትሪጅ ግን አንዱን ትዕይንት የሚጨርሰው በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ ነው፤ ለአንድ አጭር ፊልም ጥቂት አሥር ስዕሎች ይበቁታል። ወረቀቱ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፣ ካሜራው ራቅ ብሎ ይተከላል። ጥቂት መስመር ይለውጣል፣ ሄዶ አንድ ሁለት ፍሬም (ነጠላ የፊልም ምስል) ያነሳል፣ ተመልሶ ያጠፋል፣ እንደገና ይስላል። ፊልም በሴኮንድ 24 ፍሬም ስለሚሄድ፣ በየለውጡ ሁለት ፍሬም ቢነሳ እንኳ አንድ ደቂቃ 720 ለውጥ ይጠይቃል። የጠፋው ስዕል የሚቀረው ፊልሙ ላይ ብቻ ስለሆነ መመለሻ የለም። ወረቀቱ ትንሽ ቢንሸራተት ምስሉ ይዘላል፤ መብራቱ ቢለዋወጥ ይርገበገባል።

«ጭጋግ የመሰለው ጥላ ላጲሱ ስላላጠፋ የቀረ ጉድለት ነው።» ከሰል ላይ ላዩን ስለሚያርፍ በቀላሉ ይነሳል፤ ደቃቁ ብናኝ ግን በወረቀቱ ሸካራ ገጽ ውስጥ ይቀራል። ያ ቅሪት የሄደ ሰው ዱካ፣ የፈረሰ ቤት ቅርጽ ሆኖ ይታያል። ማዕድን ቁፋሮና አፓርታይድ የገለባበጡትን የጆሃንስበርግ ዳርቻ ለመሳል ከዚህ የሚሻል መንገድ አይታየንም። ጉድለት የሚባለው በኃይል ሲፈገፈግ የወረቀቱ ገጽ መላጡ ነው፤ የተላጠው ቦታ ከሰሉን አብዝቶ ይይዝና ጥቁር ጠባሳ ያወጣል። ወፍራም የጥጥ ወረቀት የሚመረጠው ለዚህ ነው።

«ታሪኩ ተጽፎ ያለቀ ነው» የሚሉም አሉ። ኬንትሪጅ ግን ያለ ስክሪፕትና ያለ ስቶሪቦርድ (ትዕይንቶቹን አስቀድሞ በተርታ የሚያሳይ ንድፍ) ነው የሚጀምረው።

«ህትመት የስዕል ኮፒ ነው።» እሱ ከሚሠራባቸው የህትመት ስልቶች በአንዱ ግን የመዳብ ሰሌዳ በሹል ብረት ሲጫር ከጭረቱ ዳር ሸካራ ጠርዝ ይነሳል። ቀለም ይቀባል፣ ገጹ ይጠረጋል፣ እርጥብ ወረቀት ተደርቦበት በማተሚያው ሮለር ሥር ያልፋል። ለስላሳውን፣ ቬልቬት የመሰለውን መስመር የሚሰጠው ጠርዙ የያዘው ቀለም ነው። ማተሚያው ግን በየዙሩ ጠርዙን ስለሚደፈጥጠው መስመሩ ይቀጥናል፤ ስለዚህ ጥሩ ቅጂ የሚወጣው ጥቂት ብቻ ነው።

ኬንትሪጅ በ2016 እ.ኤ.አ. ሮም ውስጥ ቲቤር ወንዝ ዳር ከ500 ሜትር በላይ ግድግዳ «ቀባ» ይባላል። ጠብታ ቀለም አልነካውም። ትልልቅ ስቴንስሎች (በምስሉ ቅርጽ የተቆረጡ መሸፈኛዎች) ግድግዳው ላይ ተደግፈው ዙሪያቸው በኃይለኛ ውኃ ታጠበ፤ ምስሎቹ ሳይታጠብ የቀረው የዘመናት ጥቀርሻ ናቸው። የታጠበው ቦታ መልሶ ሲጠቁር አብረው ይጠፋሉ።