«ኦ-ዩ-ጂ-ኤች» ምንድን ነው?

ኦ፣ ዩ፣ ጂ እና ኤች በዚህ ቅደም ተከተል በአንድ የእንግሊዝኛ ቃል ውስጥ ሲገኙ ፊደሎቹን ብቻ አይቶ እንዴት እንደሚነበቡ ማወቅ አይቻልም። «በኩል» ማለት የሆነው ቃል ስሩ ተብሎ ይነበባል፤ «ምንም እንኳ» ዞ፣ «ጠንካራ» ታፍ፣ «ሳል» ኮፍ፣ «የዛፍ ቅርንጫፍ» ባው፣ «ሐሳብ» ደግሞ ሶት ነው። «የተሟላ» የሚለውን ቃል እንግሊዞች ጫፉን ውጠው ሰረ ሲሉት አሜሪካውያን ሰሮ ይሉታል። በእንግሊዞቹ አነጋገር ብንቆጥር እንኳ ሰባት ንባብ ሆነ፤ ሁሉም የሚጻፉት በእነዚሁ አራት ፊደሎች ነው። ተማሪ ቢናደድ አይፈረድበትም።

ነገሩ ግን እብደት አይደለም። ጂ እና ኤች ጎን ለጎን የቆሙት በአንድ ወቅት በትክክል ይሰማ የነበረ ድምፅ ለመጻፍ ነው። ያ ድምፅ ከጉሮሮ እየተፋቀ የሚወጣ ነበር፤ የትግርኛ ተናጋሪ በ«ኸ» ያውቀዋል፤ ጀርመንኛ የሰማም ሰው «ሌሊት» በሚለው ናኽት ውስጥ ያገኘዋል። ጥንታዊው እንግሊዝኛም ሌሊትን ኒኽት፣ ሴት ልጅን ዶኽተር ይል ነበር፤ የሚጽፈውም በኤች ብቻ ነበር። ከሰሜን ፈረንሳይ የመጡት ኖርማኖች በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በፈረንሳይ አጻጻፍ የሠለጠኑ ጸሐፊዎች ሥራውን ተረከቡ፤ ከጊዜ በኋላም ይህንን የጉሮሮ ድምፅ በጂ እና በኤች ጥምረት መጻፍ ተለመደ። በዚያን ጊዜ የሚጻፈው ሁሉ ይነበብ ነበር።

ችግሩ የመጣው ከጊዜው አለመግጠም ነው። ዊልያም ካክስተን በ1476 በዌስትሚኒስተር የመጀመሪያውን የእንግሊዝ ማተሚያ ቤት ከፈተ። ማተሚያ የቃላትን አጻጻፍ ቀስ በቀስ ያረጋዋል፤ አንደበት ግን ማተሚያን አይጠብቅም። ከ1400 እስከ 1700 ገደማ ባሉት ዓመታት የእንግሊዝኛ ረጃጅም አናባቢዎች ከቦታቸው ተንቀሳቀሱ፣ የጉሮሮው ድምፅም ሞተ። አሟሟቱ ደግሞ አንድ ዓይነት አልነበረም። በአንዳንዱ አካባቢ ያለ ምንም ምትክ ጠፋ፤ በሌላው ደግሞ ከኦ እና ከዩ በኋላ ከንፈር ስለሚሞጠሞጥ ፍትጊያው ከጉሮሮ ወደ ከንፈር ተሻግሮ «ፍ» ሆነ። መደበኛው እንግሊዝኛ አንዱን ቃል ከዚህ፣ ሌላውን ከዚያ ወሰደ። «በቂ» ኢናፍ፣ «ሻካራ» ራፍ የተባሉት፣ «ሊጥ» ግን ዶ ብቻ ሆኖ የቀረው በዚህ ምክንያት ነው። ለየትኛው ቃል የትኛው እንደደረሰው የሚነግር ሕግ መፈለግ ከንቱ ድካም ይመስለኛል።

አሮጌው ድምፅ ሙሉ በሙሉ ከብሪታንያና ከአየርላንድ ደሴቶች አልጠፋም። ስኮትላንዶች ሐይቅን እስከ ዛሬ ሎኽ ይላሉ። አየርላንዶችም እንዲሁ፤ እነርሱ ግን በእነዚሁ አራት ፊደሎች ይጽፉታል። በሰሜን አየርላንድ የሚገኘው ሎኽ ኔይ፣ በብሪታንያና በአየርላንድ ካሉት ሐይቆች ሁሉ በስፋት ትልቁ፣ በስሙ ውስጥ ጂ እና ኤች ሁለት ጊዜ አሉት፤ በመጀመሪያው ቃል ይሰማሉ፣ በሁለተኛው አይሰሙም።

ለተማሪ የሚጠቅም አንድ ነገር ግን አለ። ከአራቱ ፊደሎች በኋላ ቲ ከተከተለ ንባቡ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ኦት ነው፦ ቦት ገዛ፣ ብሮት አመጣ፣ ፎት ተዋጋ። «ፈለገ»ም «አሰበ»ም በእኛ ፊደል ሶት ሆነው ይጻፋሉ፤ እንግሊዞቹ የኋለኛውን ምላሳቸውን በጥርሳቸው መካከል አድርገው ይለዩታል። ዋናው አፈንጋጭ «ድርቅ» ማለት የሆነው ድራውት ነው። እነዚህ ቃላት አብዛኞቹ ኃላፊ ጊዜ የሚያመለክቱ ግሦች መሆናቸውም በአጋጣሚ አይደለም። የ«አስብ» ቲንክ እና የ«ፈልግ» ሲክ በ«ክ»፣ የ«አምጣ» ብሪንግ በ«ግ» ያልቃሉ። በጥንት ዘመን ያ ክ ወይም ግ ከቲ ፊት ሲውል ወደ ጉሮሮ ድምፅ ይለወጥ ነበር። በኋላ ድምፁ ሲጠፋ የቀረው ምልክቱ ነው።

አስመሳዮችም አሉ። «ስቅታ» ማለት የሆነው ቃል ሂካፕ ይባላል፤ አንዳንድ ሰዎች ከሳል ጋር ዝምድና ያለው መስሏቸው መጨረሻውን በእነዚህ አራት ፊደሎች መጻፍ ጀመሩ። ንባቡ አልተለወጠም፤ ስለዚህ እዚህ ቦታ አራቱ ፊደሎች «አፕ» ተብለው ይነበባሉ። ከሁሉም የምወደው ይህንን ነው፤ ስሕተት ሆኖ ሳለ መዝገበ ቃላት ገብቶ ተቀምጧልና። «ደስታ» የሚለው ዲላይትም ከፈረንሳይኛ ሲመጣ ጂና ኤች አልነበሩትም፤ «ብርሃን» ከሚለው ላይት ጋር እንዲመሳሰል በኋላ የተጨመሩለት ናቸው።

እኛም ብንሆን ለመሳቅ አንቸኩል። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ በግዕዝ የየራሳቸው ድምፅ ነበራቸው፤ አማርኛ ድምፆቹን አዋሕዶ ፊደሎቹን አስቀርቷል። የእኛ ጣጣ ከእንግሊዞቹ ይቀላል፤ ለጻፊ ያስቸግራል እንጂ አንባቢን አያሳስትም። የእነርሱ ሁለቱንም ያስቸግራል።

ለማስተካከል ያልተሞከረ አይደለም። አሜሪካ ማረሻን ፕላው ብላ የምትጽፈው ያለ አራቱ ፊደሎች ነው። በ1906 ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት የመንግሥት ማተሚያ ቤት 300 ቃላትን በቀለለ አጻጻፍ እንዲያትም አዘዙ፤ ስሩ እና ዞ ከእነርሱ መካከል ነበሩ። ጋዜጦች ተሳለቁባቸው፣ ምክር ቤቱ ተቃወመ፣ ትእዛዙም ዓመቱ ሳያልቅ ቀረ። የቺካጎ ትሪቢዩን ጋዜጣ በ1934 የራሱን ማሻሻያ ጀምሮ ለአሥርት ዓመታት ሲታገል ቆይቶ በ1975 ወደ አሮጌው አጻጻፍ ተመለሰ። ዛሬ አጭሩ ስሩ በዋናነት የሚታየው ከመኪና ሳይወርዱ ምግብ በሚገዛባቸው የአሜሪካ ምግብ ቤቶች ሰሌዳ ላይና በመንገድ ምልክቶች ነው፤ በፈተና ወረቀት ላይ የጻፈው ተማሪ ግን ነጥብ ሊቀነስበት ይችላል።