ከመንደርደሪያ ማለፍ ምንድን ነው?

አንድ አውሮፕላን መሬት ከነካ በኋላ የቀረው መንደርደሪያ ለመቆም ሳይበቃው ቀርቶ ጫፉን ጥሶ ወደ ሣሩ፣ ወደ አጥሩ ወይም ወደ ገደሉ ሲገባ ከመንደርደሪያ አለፈ ይባላል። አደጋው የሚታየው በመጨረሻው ጫፍ ይሁን እንጂ የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ በወዲያኛው ጫፍ፣ ጎማው ገና አስፋልቱን ሳይነካ ነው።

በሰዓት 250 ኪሎ ሜትር እየበረረ የሚያርፍ አውሮፕላን በአንድ ሰከንድ 70 ሜትር ያህል ይጓዛል። አብራሪው ቀስ ብሎ ለማሳረፍ ሲል ለአምስት ሰከንድ ከመሬት በላይ ቢያንሳፍፈው 350 ሜትር መንደርደሪያ ከኋላው ቀረ ማለት ነው፤ ይህንን ደግሞ የትኛውም ፍሬን አይመልሰውም። ተሳፋሪ የሚያጨበጭብለት ለስላሳ አስተራረፍ በዝናብ ቀን እምብዛም አይመከርም፤ ጎማው ውሃውን ሰንጥቆ አስፋልቱን እንዲይዝ ጠንከር ብሎ መንካት ይሻላል። ፍጥነትም እንዲሁ ነው፤ በ10 በመቶ ቢጨምር ፍሬኑ ማጥፋት ያለበት ጉልበት በ21 በመቶ ያድጋል። ቦሌን በመሰለ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስስ በመሆኑ፣ የፍጥነት መለኪያው በባሕር ዳር ባለችው ሞምባሳ ላይ ከሚያሳየው ጋር አንድ ዓይነት ቁጥር እያሳየ እንኳ አውሮፕላኑ መሬት የሚነካበት ፍጥነት ከ10 በመቶ በላይ ይበልጣል፤ ረጅም መንደርደሪያ የሚያስፈልገው አንድም ለዚህ ነው።

እነዚህ ምክንያቶች ሲደራረቡ ምን እንደሚፈጠር ነሐሴ 2 ቀን 2005 እ.ኤ.አ. በካናዳ ቶሮንቶ ታይቷል። 309 ሰዎች የያዘው የኤር ፍራንስ ኤርባስ ኤ340 ነጎድጓዳማ ዝናብ ውስጥ ሲደርስ ከሚገባው ከፍታ በላይ ሆኖ የመንደርደሪያውን መግቢያ አለፈ፤ ነፋሱም ከኋላ ይገፋው ነበር። መንደርደሪያው 2,743 ሜትር ቢሆንም ጎማው የነካው 1,150 ሜትር ያህሉ ካለቀ በኋላ፣ ያውም ውሃ በተኛበት አስፋልት ላይ ነው። የሞተሩን ግፊት ወደ ፊት አዙሮ የአውሮፕላኑን ፍጥነት ለመቀነስ የሚረዳው መሣሪያ የታዘዘው ከ13 ሰከንድ ገደማ በኋላ ነበር። አውሮፕላኑ ጫፉን ሲያልፍ በሰዓት ወደ 150 ኪሎ ሜትር እየሮጠ ነበር፤ ገደል ውስጥ ገብቶ ተቃጠለ። ሁሉም ሰው በሕይወት ወጣ። መርማሪዎቹ ካስመዘገቡት ግኝት ከሁሉ የሚከብደኝ አብራሪዎቹ በዚያ እርጥብ መንደርደሪያ ለመቆም ስንት ሜትር እንደሚያስፈልጋቸው አስቀድመው አለማስላታቸው ነው፤ ምን ያህል ትርፍ እንዳለው የማያውቅ ሰው ማረፉን ትቶ እንደገና ለመነሳት መቼ መወሰን እንዳለበት በምን ያውቃል?

በብራዚል በአንድ የመንገደኞች አውሮፕላን ላይ የደረሰው አደጋ መነሻው ሌላ ነው። ሐምሌ 17 ቀን 2007 እ.ኤ.አ. በሳኦ ፓውሎ ኮንጎንያስ አውሮፕላን ማረፊያ፣ 1,940 ሜትር ብቻ በሆነ እርጥብ መንደርደሪያ ላይ፣ የአንደኛው ሞተር መቆጣጠሪያ ወደ ዝቅተኛው ባለመመለሱ አውሮፕላኑን መሬት ላይ የሚጫኑት የክንፍ ሳንቃዎች ሳይነሱ ቀሩ፤ አውሮፕላኑ መቆም አቅቶት ከመንደርደሪያው አለፈና 199 ሰዎች ሞቱ።

ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ለትልልቅ አውሮፕላኖች በሚያገለግል መንደርደሪያ ጫፍ ቢያንስ 90 ሜትር፣ ከተቻለ 240 ሜትር ባዶ የደህንነት ቦታ እንዲኖር ይላል። ቦታ በጠበበባቸው ማረፊያዎች ደግሞ ከጎማው በታች የሚደቅ ቀላል ኮንክሪት ይነጠፋል፤ አውሮፕላኑ አሸዋ ውስጥ እንደገባ መኪና እየሰመጠ ይቆማል።