ጥይቱ ተጠርጣሪው ገላ ውስጥ ሲቀር፦ ማስረጃን በቀዶ ጥገና ስለማውጣት

ፖሊስ ማስረጃ ብሎ የሚፈልገው ነገር አንዳንዴ ቤት ውስጥም ኪስ ውስጥም አይገኝም። ያለው ከተጠርጣሪው ቆዳ ሥር ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጥይት ነው፤ አልፎ አልፎ ደግሞ የተዋጠ የአደንዛዥ ዕፅ ጥቅል ይሆናል። ተጠርጣሪው «አውጡልኝ» ካለ ችግር የለም። ጭቅጭቁ የሚመጣው «አትነኩኝም» ሲል ነው። ያኔ ሐኪም በግድ ቀዶ ያውጣው ወይ?

ጎንደር ላይ ይህ ጥያቄ ለውይይት ያህል ብቻ የሚነሳ አይደለም። በዙሪያው ባሉ ወረዳዎች መሣሪያ መያዝ የቆየ ልማድ ነው። ከመተማ፣ ከአርማጭሆ፣ ከደባርቅ ሪፈር ተጽፎለት የሚመጣ ቁስለኛም የሚያርፈው ጎንደር ነው። በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ የተጀመረው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ማስተማሪያ ሆስፒታልም የሕግ ትምህርት ቤትም አለው። ቀዶ ሐኪሙም የሕግ መምህሩም እዚያው አሉ።

በዓለም ላይ በብዛት የሚጠቀሰው ጉዳይ የአሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 ሪችመንድ በምትባል የቨርጂኒያ ከተማ አንድ ባለሱቅ ማታ ሱቁን ሲዘጋ ዘራፊ መጣበት። ተታኮሱ። ባለሱቁ ቆሰለ፤ ዘራፊውም ጎኑን ይዞ ሮጠ። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ፖሊስ ከሱቁ ስምንት ብሎክ ርቀት ላይ ደረቱ በግራ በኩል የቆሰለ ሰው አገኘ። «እኔም ተዘርፌ ነው የተመታሁት» አለ። ሁለቱም እዚያው ሆስፒታል ሲገቡ ባለሱቁ አየውና «የመታኝ እሱ ነው» አለ።

ዐቃቤ ሕግ ጥይቱ ይውጣ ብሎ ፍርድ ቤት ሄደ። ጥይቱ ያለው በግራ በኩል አንገቱን ከትከሻው ከሚያገናኘው የፊት አጥንት (ክላቪክል) ሥር ነበር። መጀመሪያ ሐኪሙ «ከቆዳው ሥር ነው፣ በትንሽ ማደንዘዣ ይወጣል» ስላለ ተፈቀደ። ቀዶ ጥገናው ሊጀመር ሲል እንደገና ራጅ ተነሳ። ጥይቱ ለካ ከ2.5 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ጡንቻ ውስጥ ጠልቋል። ሙሉ ማደንዘዣ ያስፈልጋል። ነገሩ እዚህ ላይ ተገለበጠ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1985 ዊንስተን ከሊ በተባለው መዝገብ በሙሉ ድምፅ «አይቻልም» አለ። ውሳኔውን የጻፉት ዳኛ ብሬናን ናቸው። ሁለት ነገር መዘኑ፦ ለሰውየው ጤናና ክብር ያለውን አደጋ፣ ከዚያ ደግሞ መንግሥት ለጥይቱ ምን ያህል እንደሚቸገር። ባለሱቁ ለይቶታል፣ ሰውየው የተገኘው እዚያው አካባቢ ነው፣ ቁስሉም ይናገራል። ያለ ጥይቱም ክሱ ይቆማል።

ፍርድ ቤቱ ግን «በፍጹም አይነካም» አላለም። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ1976 የዋሽንግተን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ሁለት ጥይት ገላው ውስጥ ስለቀረበት ተጠርጣሪ ወስኖ ነበር። ክንዱ ላይ ያለው ጥልቀት የሌለው ጥይት ተወሰደ፤ ጭኑ ላይ ያለው ለአደጋ ያጋልጣል ተብሎ ቀረ። ለእኔ የአሜሪካኑን ሚዛን ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም። በአንድ ሰው ላይ ሁለት ውሳኔ! እ.ኤ.አ. በ1952 ደግሞ ፖሊሶች ሆዱ በቱቦ እንዲታጠብ አድርገው ሁለት የሞርፊን እንክብል ያወጡበት ሰው ጉዳይ ቀርቦ፣ ድርጊቱ ሕሊና የሚያስደነግጥ ነው ተብሎ ፍርዱ ተሽሯል። የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2006 ተጠርጣሪ የዋጠውን ዕፅ በግድ እንዲያስታውክ በመደረጉ ጀርመንን ተጠያቂ አድርጓል።

አሁን ያ ሰው አዘዞ ተይዞ ጎንደር ገባ እንበል። መርማሪው መጀመሪያ የሚያነሳው በ1954 ዓ.ም. የወጣውን የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 34 ነው። እዚህ ላይ መርማሪ ፖሊስ ከወንጀሉ አንጻር አስፈላጊ ነው ካለ፣ የተመዘገበ ሐኪም ተጠርጣሪውን መርምሮ ውጤቱን በጽሑፍ እንዲሰጥ ማዘዝ ይችላል። የደም ምርመራም ይጨምራል። የተጎጂው ምርመራ ግን የተጎጂውን ወይም የአሳዳጊውን ፈቃድ ይጠይቃል። ስለ ተጠርጣሪው ግን «ፈቃድ» የሚል ቃል አልተጻፈም።

አንቀጹ ስለ ምርመራ እንጂ ስለ ቢላዋ አይናገርም። ማየት፣ መዳሰስ፣ ደም መውሰድ አንድ ነገር ነው። ሰው አደንዝዞ ሥጋ መሰንጠቅ ሌላ። ስለዚህ «34 አለልኝ» ብሎ ታካሚን ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል መግፋት የሚያስኬድ አይመስለኝም። የአንቀጹ ዋና ድክመት ግን ሌላ ቦታ ነው፦ ትዕዛዙን የሚሰጠው ዳኛ ሳይሆን ራሱ መርማሪው ነው። ቤት ለመፈተሽ በመደበኛው አሠራር የፍርድ ቤት ማዘዣ እየተጠየቀ፣ ገላን ለማስመርመር የመርማሪ ፊርማ ይበቃል መባሉ የተገላቢጦሽ ነው።

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 20 ደግሞ ማንም ሰው የሕክምናም ሆነ የቀዶ ጥገና ምርመራን በማንኛውም ጊዜ እምቢ ማለት እንደሚችል ይደነግጋል። የሥነ ሥርዓት ሕጉ ይህን ያውቃል፤ ቁጥር 34 የሚጀምረው ያ ቁጥር 20 ቢኖርም በማለት ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ለእምቢታውም ዋጋ አስቀምጧል። ከባድ አደጋ የማያስከትል ምርመራን እምቢ ያለ ሰው፣ ምርመራው ሊያረጋግጥ የነበረውን ነገር ፍርድ ቤቱ እንደተረጋገጠ ሊቆጥርበት ይችላል። ይህ በወንጀል ችሎት እንዳለ ይሠራል ለማለት ያስቸግራል። ተከሳሽ እስኪፈረድበት ንጹሕ ነው ተብሎ ይገመታላ!

ከሁሉ በላይ ሕገ መንግሥቱ አለ። አንቀጽ 16 አካልን ከጉዳት ይጠብቃል፤ 18 ኢሰብአዊ አያያዝን ይከለክላል፤ 26 የሰውን ገላ ከፍተሻ ይጠብቃል፣ ይህ መብት የሚገደበውም አስገዳጅ ሁኔታ ሲኖርና ዝርዝር ሕግ ሲወጣ ብቻ ነው። አንቀጽ 19 ንዑስ 5 በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት እንደሌለው ይናገራል። ይህ ለእምነት ቃል ብቻ ነው ወይስ ለጥይትም? ሁለቱንም ወገን መከራከር ይቻላል። አሜሪካኖቹ እ.ኤ.አ. በ1966 በደም ምርመራ ጉዳይ ራስን ያለመወንጀል መብት የሚጠብቀው ምስክርነትን እንጂ የገላን ማስረጃ አይደለም ብለዋል። እኛ ያንን መቅዳት የለብንም ባይ ነኝ።

ድሮስ? በድሮው የኢትዮጵያ ፍርድ ማስረጃ ይፈለግ የነበረው ከሰው ገላ ውስጥ አልነበረም። አውጫጭኝ ላይ የአገሩ ሰው ተሰብስቦ፣ ጥፋተኛው እስኪገኝ ወደ ቤቱ እንዳይሄድ ተደርጎ ይጠየቃል። ሌባ ሻይ ላይ መድኃኒት የሚጠጣው ልጅ ነው፤ ሰክሮ እየሮጠ የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። የሚደነዝዘው ተጠርጣሪው ሳይሆን ምንም ያላደረገ ልጅ! ከዚህ አንጻር ራጅ እድገት ነው።

በተግባር ግን ዋናው በር ጠባቂ ቀዶ ሐኪሙ ነው። ጥይት ገላ ውስጥ አለ ማለት ይውጣ ማለት አይደለም። ጡንቻ ውስጥ አርፎ የተቀመጠ ጥይት ብዙ ጊዜ ይተዋል፤ ፍለጋው ራሱ ከጥይቱ የበለጠ ሊጎዳ ይችላል። መገጣጠሚያ ውስጥ ከገባ ግን እርሳሱ እየሟሟ ሊመርዝ ስለሚችል ይወጣል። ውሳኔው የሕክምና ነው። የዓለም የሐኪሞች ማኅበርም ለምርመራ ሲባል እስረኛን የሚፈትሽ ሐኪም የሚያክመው ሐኪም ባይሆን እንደሚሻል እ.ኤ.አ. በ1993 መክሯል።

ታካሚው ፈቅዶ ወይም ለሕክምና አስፈልጎ ጥይቱ ሲወጣ ደግሞ አያያዙ ወሳኝ ነው። ጠመንጃው ጥይቱ ጎን ላይ ቀጫጭን ጭረት ይተዋል፤ የትኛው መሣሪያ እንደተኮሰው የሚለየውም በዚያ ነው። ሐኪሙ በባዶ የብረት መቆንጠጫ ከያዘው አዲስ ጭረት ይጨምርበታል። ስለዚህ ጫፉ በላስቲክ የተሸፈነ መቆንጠጫ ይሻላል። ምልክት ከተደረገበትም ጎኑ ላይ ሳይሆን ቂጡ ላይ ነው። ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በፖስታ ታሽጎ፣ ማን ከማን እንደተረከበ ተጽፎ ለምርመራ ይላካል። ፖስታው ላይ ፊርማ ከጎደለ የተከሳሹ ጠበቃ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ይህ ጥይት ከደንበኛዬ መውጣቱን በምን አወቃችሁ?» ብሎ ነው።