የጋዝ ፍሪጅ ምንድን ነው? የአሮጌ ካምፐር ቫን ፍሪጅ አልቀዘቅዝ ሲል

አሮጌ ካምፐር ቫን፣ ማለትም መኝታና ማብሰያ ያለው የጉዞ መኪና፣ የሚሸጥ ሰው ስለ ሞተሩ ብዙ ያወራል፣ ስለ ጎማውም ያወራል። ፍሪጁ ጋ ሲደርስ ግን "እሱ እንኳ አይሰራም" ብሎ ያልፈዋል። ገዢውም አምኖ ይወስዳል። ከዚያ በኋላ ፍሪጁ የድስትና የጫማ ማስቀመጫ ሆኖ ይቀራል። ያሳዝናል፤ ምክንያቱም ከእነዚህ ፍሪጆች ብዙዎቹ ጤነኛ ናቸው። ወይ ቆሽሸዋል፣ ወይ መኪናው ዘሞ ቆሟል፣ ወይም ባለቤቱ እንደ ቤት ፍሪጅ ሊያስነሳቸው ሞክሮ ተስፋ ቆርጧል።

የቤታችን ፍሪጅ ኮምፕረሰር አለው። ኮምፕረሰሩ በመብራት እየሰራ በቱቦው ውስጥ ያለውን ጋዝ ይጨምቃል፣ ድምፁም ይሰማል። በካምፐር ቫን ውስጥ ያለው የጋዝ ፍሪጅ ግን ኮምፕረሰር የለውም። እንዲያውም በማቀዝቀዣ ክፍሉ ውስጥ የሚንቀሳቀስ አንድም የማሽን ዕቃ የለም። ከኋላው ተበይዶ የተዘጋ የብረት ቱቦ አለ፣ ከቱቦው ሥር ትንሽ ነበልባል አለ፣ በቃ። ከታች እሳት ይነድዳል፣ ከላይ ወተቱ ይቀዘቅዛል። አብዞርፕሽን ፍሪጅ የሚባለው ይህ ነው።

በቱቦው ውስጥ ውሃ፣ አሞኒያና ሃይድሮጅን አሉ። አሞኒያው በውሃው ውስጥ ሟሙቶ ይቀመጣል፤ እሳት ሲነካው ከውሃው ተለይቶ ይተናል። አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። እንስራው ይፈላል፣ ቶሎ የሚተነው ቀድሞ ይወጣል፣ በቱቦ ሲያልፍ ቀዝቅዞ ጠብ ጠብ ይላል። አሞኒያውም እንደዚሁ ወደ ላይ ይወጣና በቱቦው ሲያልፍ ሙቀቱን ለውጭ አየር ሰጥቶ ፈሳሽ ይሆናል። ከዚያ ወደ ፍሪጁ ውስጥ ይገባና እንደገና ይተናል። ለመትነን ሙቀት ያስፈልገዋል፤ ያንን ሙቀት የሚወስደው ከምግባችሁ ነው። አረቄው እጃችሁ ላይ ቢፈስ ቀዝቀዝ የሚለው በዚሁ ምክንያት ነው።

ሃይድሮጅኑ ምን ይሰራል? በቤት ፍሪጅ ውስጥ በአንድ በኩል ከፍተኛ፣ በሌላው በኩል ዝቅተኛ ግፊት አለ፤ ልዩነቱን የሚፈጥረው ኮምፕረሰሩ ነው። እዚህ ግን በቱቦው ሁሉ ያለው ግፊት አንድ ነው። ፈሳሹ አሞኒያ በሚተንበት ክፍል ውስጥ የግፊቱን ትልቁን ድርሻ ሃይድሮጅኑ ይይዝለታል። የአሞኒያው ድርሻ ዝቅ ስለሚል በብርድም ቢሆን መትነን ይችላል። በመጨረሻ ውሃው አሞኒያውን መልሶ ይመጠዋል፣ ሃይድሮጅኑም ወደ ቦታው ይመለሳል። ዙሩ እሳቱ እስካለ ድረስ ይቀጥላል።

ይህን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1922 የፈለሰፉት ስቶክሆልም ውስጥ የምህንድስና ተማሪ የነበሩት ባልትዛር ፎን ፕላተን እና ካርል ሙንተርስ ናቸው። የስዊድኑ ኩባንያ ኤሌክትሮሉክስ በ1925 ገዝቶ ለገበያ አቀረበው። አልበርት አንስታይን እንኳ ከፊዚክስ ሊቁ ሊዮ ዚላርድ ጋር ሆኖ የሚንቀሳቀስ ዕቃ የሌለው የራሱን ፍሪጅ ነድፎ ነበር፤ የአሜሪካ ፓተንቱን ያገኙት በ1930 ነው። በእኛም አገር መብራት ባልገባባቸው የገጠር ጤና ጣቢያዎች ክትባት ይቀመጥ የነበረው በላምባ በሚነድዱ የዚህ ዓይነት ፍሪጆች ነው። ክሩን የሚከረክመውና የጭስ ማውጫውን ጥቀርሻ የሚጠርገው የጤና ባለሙያ ስለዚህ ፍሪጅ ጠባይ ከብዙ የካምፐር ባለቤቶች የበለጠ ያውቃል።

ከዚህ ሁሉ ለጥገና የሚጠቅመን አንድ ነገር ነው። ፍሪጁ የሚሰራው በሙቀት ስለሆነ፣ ሲያስቸግር ሙቀቱን መከተል ነው። ሙቀቱ ይገባል ወይ? ይበቃል ወይ? ከገባ በኋላ የሚወጣበት አለው ወይ?

በካምፐር ቫን ውስጥ ያሉት አብዛኞቹ በሦስት መንገድ ይሞቃሉ፦ በጋዝ፣ በቤት መብራትና በመኪናው 12 ቮልት። ሦስቱም የሚያሞቁት ያንኑ አንድ ቱቦ ነው። ይህ ትልቅ ዕድል ነው። ማንኛውንም ብሎን ከመፍታታችሁ በፊት መኪናውን ደልዳላ ቦታ አቁማችሁ ፍሪጁን ከቤት መብራት ጋር አገናኙትና ለአንድ ሙሉ ቀን ተዉት። በመብራት ከቀዘቀዘ የማቀዝቀዣ ክፍሉ፣ ማለትም ያ የተዘጋ ቱቦ፣ ደህና ነው፤ ችግሩ ያለው በጋዙ በኩል ነው። ካልቀዘቀዘ መጀመሪያ የመብራት ማሞቂያው መሥራቱን አረጋግጡ። ትዕግሥት ግን ያስፈልጋል። ይህ ፍሪጅ በግማሽ ሰዓት የሚቀዘቅዝ አይደለም፤ ለውጡ በደንብ እስኪታይ ሰዓታት ይፈጃል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ከፍቶ "ሞቷል" ብሎ የሚፈርድ ሰው ጤነኛ ዕቃ ይጥላል።

ደልዳላ ቦታ ያልኩት ለወጉ አይደለም። ፓምፕ ስለሌለ ፈሳሹ የሚጓዘው በአረፋ ግፊትና በራሱ ክብደት ነው። መኪናው ዘሞ ሲቆም ፈሳሹ መሆን በሌለበት ቦታ ይጠራቀማል፣ የሚሞቀው ቱቦ ይደርቅና ከመጠን በላይ ይግላል። ለረጅም ጊዜ እንዲህ ከቆየ ቱቦውን ከዝገት የሚከላከለው ኬሚካል ተበላሽቶ ይደርቅና መተላለፊያውን ይደፍናል። ያኔ ጥገና የለም። አሮጌዎቹ በዚህ በኩል በጣም ስስ ናቸው፤ የሁለት ሦስት ዲግሪ መዝመም ይበቃቸዋል። ግንበኞች የሚይዙትን ውሃ ልክ ፍሪጁ ውስጥ አስቀምጣችሁ ወደ ጎንም ወደ ፊትም እዩ። መኪናው እየሄደ ሲወዛወዝ ፈሳሹ ስለሚላወስ ያን ያህል አያሰጋም። ጉዳቱ የሚመጣው ቆሞ ሲያድር ነው።

አሁን ወደ ነበልባሉ እንምጣ። ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ነው። አሜሪካ ውስጥ ቫናጎን የሚባለውን የቮልስዋገን ዌስትፋሊያ ካምፐር እንውሰድ፤ የእ.ኤ.አ. 1980ዎቹ መኪና ነው፣ እስካሁንም ብዙ ወዳጅ አለው። ፕሮፔን የሚባለውን ጋዝ የያዘው ጋን ከመኪናው ሆድ ሥር ታስሯል። ፍሪጁ የሚነድደው በተዘጋ ክፍል ውስጥ ነው፤ አየር የሚያስገባውም ጭስ የሚያስወጣውም በመኪናው ጎን ነው። ስለዚህ ክብሪት ይዞ መጠጋት የለም። ፊት ለፊቱ ትንሽ የእጅ ፓምፕ አለ። በእሷ ንጹህ አየር እየነፋችሁ፣ የጋዙን መዝጊያ ተጭናችሁ ይዛችሁ፣ የብልጭታውን ቁልፍ ትመታላችሁ። ከፍሪጁ ውስጥ ወደ ታች ጎንበስ ብላችሁ በትንሿ መስታወት ስታዩ ሰማያዊ ነበልባል ከታያችሁ ተነስቷል። ቶሎ እንዳትለቁ። ተጭናችሁ ቢያንስ ሩብ ደቂቃ ቆዩ።

የምትቆዩት ለቴርሞካፕሉ ነው። ጫፉ ነበልባሉ ውስጥ የሚቀመጥ ቀጭን የብረት ዘንግ ነው። ሲሞቅ በጣም ጥቂት ኤሌክትሪክ ያመነጫል፣ ከ1 ቮልት መቶኛ እጆች ውስጥ ጥቂቱን ብቻ። ያቺ ጥቂት ኤሌክትሪክ የጋዙን በር በማግኔት ከፍታ ትይዛለች። ነበልባሉ ከጠፋ ዘንጉ ይቀዘቅዛል፣ በሩ ይዘጋል። ሕይወት የሚያድን ዕቃ ነውና አልፋችሁት እንዳትቀጥሉ። እሳቱ ተነስቶ እጃችሁን ስትለቁ የሚጠፋ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሱ ነው። ጫፉ ጥቀርሻ ይዞ ይሆናል፣ ከነበልባሉ ወጥቶ ይሆናል፣ ወይም ከጀርባ የሚታሰርበት ብሎን ላልቷል። አጽዱት፣ አስተካክሉት፣ ካልሆነ ቀይሩት። ውድ ዕቃ አይደለም።

እሳቱ ጨርሶ የማይነሳ ከሆነስ? የመኪናውን የምግብ ምድጃ ለኩሱ። ጋኑም፣ የጋዙን ግፊት የሚመጥነው ሬጉሌተርም ለሁለቱ አንድ ነው። ምድጃው በደንብ ከነደደ ጋዝ አለ ማለት ነው። መኪናው ለወራት ከቆመ በቱቦው ውስጥ አየር ስለሚገባ፣ ምድጃውን ማንደዱ ያንን አየር ለማስወጣትም ይረዳል። ምድጃውም ከደከመ ፍሪጁን ተዉትና ወደ ሬጉሌተሩ ሂዱ። በአውሮፓ ክረምት ደግሞ ቡቴን የሚባለውን ጋዝ የያዘ ሲሊንደር ከዜሮ ዲግሪ በታች ጋዝ መስጠት ያቆማል፤ ፕሮፔን ግን ከዜሮ በታች እስከ 42 ዲግሪ ድረስ ይተናል።

ጋዝ እያለ ነበልባሉ ደካማ ከሆነ ወይም ወደ ቢጫ ካደላ ጂግለሩን፣ ማለትም ጋዙን ወደ እሳቱ የሚያሳልፈውን ትንሽ አፍ፣ እዩ። ጋዙ የሚያልፍበት ቀዳዳ በዓይን ለማየት የሚያስቸግር ነው። በመርፌ ወይም በሽቦ እንዳትነኩት። በጥቂቱ ከሰፋ ነበልባሉ ይበዛል፣ ጥቀርሻውም ይከተላል። አልኮል ውስጥ ነክራችሁ አሳድሩትና በአየር ንፉት። ነበልባሉ የሚነሳበት በርነር ላይ ደግሞ ከጭስ ማውጫው የረገፈ የዝገት ቅርፊት ተከምሮ ታገኛላችሁ። በአሮጌ ፍሪጅ ላይ ይህ የዘወትር ነገር ነው። ሸረሪትም የጋዝ መግቢያው ውስጥ ድር ማድራት ትወዳለች፤ ቀጭኗ ድር አየሩን ለመዝጋት ትበቃለች። ጭስ ማውጫው ውስጥ በሽቦ የተንጠለጠለ ጥምዝ ቆርቆሮ አለ። ጥቅሙ ትኩሱን አየር አዙሮ ሙቀቱን ለቱቦው እንዲሰጥ ማድረግ ነው። ሲጸዳ አውጥቶ ሳይመልሱት መቅረት የተለመደ ስህተት ነው፤ ያኔ እሳቱ ያምራል፣ ፍሪጁ ግን አይቀዘቅዝም። የፈታችሁትን የጋዝ መጋጠሚያ ሁሉ ስትመልሱ በሳሙና አረፋ ፈትሹ።

ከፍታ ቦታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ነበልባሉ ይደክማል፣ አንዳንዴም ይጠፋል። አሜሪካ ውስጥ በኮሎራዶ ተራሮች የሚጓዙ ሰዎች ይህን ያውቁታል፤ የግዛቷ ዋና ከተማ ዴንቨር ራሷ 1,600 ሜትር ላይ ናት። ከአውሮፓ ተነስቶ አፍሪካን በካምፐር የሚያቋርጥ ሰውም የኢትዮጵያን ደጋ ሲወጣ ሊያጋጥመው ይችላል። እንዲህ ሲሆን የተበላሸ ነገር የለም፤ በመብራት መጠቀም ነው።

12 ቮልቱ መኪናው ሲሄድ ብቻ የሚሆን ነው። ማሞቂያው 8 አምፔር ቢስብ፣ 60 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ አንድ ሌሊት አያድርም፤ ጠዋት ሞተሩም አይነሳም። አሮጌ ሽቦ ደግሞ ኃይል ይበላል። ፍሪጁ ጋ የሚደርሰው 12 ቮልት ሳይሆን 10.5 ከሆነ ከሙቀቱ ሩብ የሚሆነው ጠፍቷል። ቮልቱን ባትሪው ላይ ሳይሆን ፍሪጁ ጋ ለኩ።

ሙቀቱ በበቂ ሁኔታ እየገባም ፍሪጁ ከደከመ መውጫው ላይ ነው ችግሩ። ከኋላ ያሉት ቱቦዎች አየር ካላገኙ አሞኒያው ፈሳሽ አይሆንም። የአየር ማስገቢያው በአቧራ ተደፍኖ ወይም ከጀርባው ብርድ ልብስ ተጠቅጥቆ ሊሆን ይችላል። በጠራራ ፀሐይ ከሆነ መኪናውን አዙራችሁ የፍሪጁን ጎን ወደ ጥላ አድርጉ። ይህች ብቻ ብዙ ለውጥ ታመጣለች።

ስለ አደጋው ሳልናገር አላልፍም። ቢጫ ነበልባልና ጥቀርሻ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለ ማለት ነው። ሽታ የለውም፣ አይታይም። በተዘጋ ቤት ከሰል አቀጣጥለው የተኙ ሰዎችን የሚገድለው ይኸው ጋዝ ነው። ሰርቬል የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1933 እስከ 1957 አሜሪካ ውስጥ የሠራቸው የጋዝ ፍሪጆች በዚህ ምክንያት ሰው ስለገደሉ፣ የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደህንነት ኮሚሽን ሰዎች እንዳይጠቀሙባቸው አስጠንቅቋል። የጭስ ማውጫው መጋጠሚያ ያልተሟላለትን ፍሪጅ በምትተኙበት መኪና ውስጥ እንዳታነድዱ። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ደወልም ግዙ። ነዳጅ ማደያ ከመግባታችሁ በፊት ደግሞ ነበልባሉን አጥፉ፤ ቤንዚን እየተቀዳ አጠገቡ እሳት እየነደደ ነው ማለት ነውና።

የማቀዝቀዣ ክፍሉ ራሱ ሲሞት የሚታወቅበት መንገድ አለ። የሚሞቀው ቱቦ ግሎ ሳለ ሌላው ሁሉ ቀዝቃዛ ሆኖ ይቀራል። አሞኒያ ከሸተታችሁ ወይም ከኋላው ቢጫ ዱቄት ካያችሁ ቱቦው ተቀዷል፤ ጋዙን ዝጉ፣ በሩን ክፈቱ፣ ከመኪናው ውረዱ። ውስጡ ከፍተኛ ግፊት ያለው አሞኒያና ሃይድሮጅን ስለሆነ ለበያጅ የሚሰጥ ዕቃ አይደለም። ቱቦው ሳይቀደድ የቆመ ከሆነ ግን የቆየ ዘዴ አለ፦ ፍሪጁን አውጥቶ ለአንድ ቀን ገልብጦ ማስቀመጥ፣ ከዚያ አቅንቶ ፈሳሹ እስኪወርድ ለሰዓታት ማቆየት፣ ከዚያ በመብራት መሞከር። አንዳንዴ የተያዘው ፈሳሽ ይለቅና ፍሪጁ ይነሳል። ካልተነሳ የታደሰ የማቀዝቀዣ ክፍል ይቀየርለታል፣ ወይም በ12 ቮልት የሚሰራ የኮምፕረሰር ፍሪጅ ይተካል። ጣሪያው ላይ ሶላር ላለው ሰው ሁለተኛው ይሻላል። ከመብራት ርቆ ቀናት ለሚቆይና ሶላር ለሌለው ግን እኔ አሮጌውን የጋዝ ፍሪጅ አሳድሰዋለሁ።