በወረርሽኝ ወቅት በአካል የሚካሄድ የዩኒቨርሲቲ ምርቃት

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 2020 ኮቪድ-19ን ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ሲል በይኖ ባስታወቀ ጊዜ፣ በብዙ አገሮች የምርቃት ወቅት ሊደርስ የቀሩት ሁለት ወራት ገደማ ብቻ ነበሩ። አብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች ሥነ ሥርዓቱን ሰረዙ፣ አራዘሙ ወይም በኢንተርኔት አካሄዱ፤ በቶኪዮ አንድ ተቋም ጋዋንና ቆብ የለበሱ ሮቦቶች በተመራቂዎች ፈንታ ዲፕሎማ እንዲቀበሉ እስከማድረግ ደርሷል።

በአካል ከተካሄዱት ቀደምት ምርቃቶች አንዱ የአሜሪካው የዌስት ፖይንት ወታደራዊ አካዳሚ ጁን 13 ቀን 2020 ያደረገው ነው። ከ1,100 በላይ ዕጩ መኮንኖች ለ14 ቀናት ተለይተው ከቆዩ በኋላ፣ ቤተሰብ ሳይገኝ፣ ከስታዲየም ይልቅ በሰልፍ ሜዳ ላይ ተራርቀው ተቀምጠው ተመርቀዋል። ይህ ግን ትእዛዝ በሚከበርበት ሰፈር የሚቻል ነው፤ እናትና አባት የሚመጡበት ተራ ዩኒቨርሲቲ ሌላ ዘዴ ያስፈልገዋል።

ችግሩ የሚመነጨው ከበሽታው ባሕርይ ነው። ቫይረሱ በትንፋሽ በሚወጡ ጠብታዎችና በአየር ላይ በሚንሳፈፉ ደቃቅ ቅንጣቶች ይተላለፋል፤ የተያዘ ሰውም ምልክት ከማሳየቱ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በፊት ጀምሮ ሊያስተላልፈው ይችላል። ስለዚህ በር ላይ የሚደረግ የሙቀት ልኬታ የሚያስቀረው ጥቂቱን ብቻ ነው፤ በዕለቱ ጠዋት የሚደረግና ውጤቱ በግማሽ ሰዓት ውስጥ የሚደርስ ፈጣን ምርመራ ከእሱ ይሻላል። ድምፅ ከፍ አድርጎ መናገርና መዘመር ሥርጭቱን ያባብሳል፦ በማርች 2020 በዋሽንግተን ግዛት ሁለት ሰዓት ተኩል በፈጀ የመዘምራን ልምምድ ላይ ከተገኙት 61 ሰዎች 53ቱ ታመዋል። በምርቃት አዳራሽም መዝሙርና እልልታ አይቀርም። ሜዳ ከአዳራሽ የሚመረጠው ለዚህ ነው። አዳራሽ ግድ ከሆነ መስኮትና በር ይከፈታል፣ ጭምብል ግዴታ ይሆናል፣ የአየሩ ንጽሕናም ሰዎች በትንፋሽ በሚያስወጡት ጋዝ፣ በካርቦን ዳይኦክሳይድ መለኪያ ይታያል፤ ንባቡ ከአንድ ሚሊዮን የአየር ክፍል 800 (800 ppm) ካለፈ ንጹሕ አየር እያነሰ መሆኑን ያመለክታል።

አዘጋጆች ብዙ የሚደክሙት በወንበሮች ርቀት ላይ ነው፤ ይሁንና ተራርቀው በተቀመጡበት ሜዳ ሰዎች እምብዛም አይቀራረቡም። የሚበረታው አደጋ ከመርሐ ግብሩ በፊትና በኋላ ነው። ጋዋን የሚታደልበት ክፍል ጠባብ ነው፤ አንዱ የሌላውን ቆብ ሲያስተካክል ፊት ለፊት ይተነፋፈሳሉ። መግቢያው ላይ ወረፋው ይጠጋጋል፣ መጸዳጃ ቤቱ ይጨናነቃል፣ ንግግሩ ሲያበቃም ሁሉም ጭምብሉን አውልቆ ለፎቶ ይተቃቀፋል። በመሆኑም ጋዋን ከቀናት በፊት ማደል፣ የመግቢያ ሰዓትን በትኬት ላይ መጻፍ፣ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ የፎቶ ቦታ ለይቶ ማዘጋጀትና መውጫውን በረድፍ ማድረግ ወንበር ከመለካት የማይተናነስ ጥቅም አላቸው። መድረክ ላይ መጨባበጥ ቀርቶ እጅ መንሳት በቂ ነው፤ ዲፕሎማውም ተመራቂው ራሱ እንዲያነሣው ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል።

ተመራቂዎችን በኮሌጅ ከፋፍሎ በተለያዩ ቀናት ማስመረቅ፣ እንግዶችን ለአንድ ተመራቂ በሁለት መወሰንና ለቀሩት በቀጥታ ሥርጭት ማሳየት በብዙ ቦታ ተሠርቶበታል። የተገኙ ሰዎች ስምና የተቀመጡበት ረድፍ መመዝገቡም፣ በሽታ ቢገኝ ንክኪ ያላቸውን ለመለየት ያገለግላል።

ጥንቃቄው ምን ያህል ይጠብቅ የሚለውን የሚወስነው ግን በአካባቢው ያለው የሥርጭት መጠን ነው። በጁን 2021 በቻይና ዉሃን ከተማ 11,000 ያህል ተመራቂዎች ያለ ጭምብልና ያለ ርቀት ተደርድረው ተመርቀዋል፤ ያን ጊዜ በከተማው በሽታው የለም ማለት ይቻል ነበር። ሥርጭቱ በሚዋዥቅበት ስፍራ ደግሞ ሥነ ሥርዓቱ ይካሄድ ወይስ ይሰረዝ የሚወሰንበት ቀን አስቀድሞ ተቆርጦ ለቤተሰቦች መነገር ይኖርበታል፤ የሩቅ አገር ተጓዥ ትኬት ከመግዛቱ በፊት ማወቅ አለበትና። ዝናብ ቢጥል ወደ አዳራሽ እንገባለን የሚል ዕቅድ ለሜዳ የተሰላውን የእንግዳ ቁጥር ስለሚያፈርሰው፣ ቀኑን ማስተላለፍ ይመረጣል።