ስለ ኑዛዜ የምናምነውና ሕጉ የሚለው፦ ከአንድ የባሕር ዳር ቤተሰብ ክርክር

የአጎቴ አርባ በወጣ ማግስት ታላቋ ልጁ ከሙዳይ ውስጥ አንድ ወረቀት አወጣች። ከተማሪ ደብተር የተቀደደ ነው። ጽሑፉ የእርሷ ነው፤ አባቷ እየነገራት የጻፈችው። ከግርጌው የአጎቴ አውራ ጣት በሐምራዊ ቀለም ታትሟል፤ ከጎኑ የንስሐ አባቱ፣ የእድሩ ሰብሳቢና የአንድ ጎረቤት ፊርማ አለ። ወረቀቱ ከጣና ዳር ብዙም የማይርቀውን ቤት፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ላስታመመችው ለታናሿ ልጅ ይሰጣል። ሁለቱ ወንድሞች «አንቀበልም» አሉ። ነገሩ ፍርድ ቤት እስኪደርስ ድረስ በለቅሶ ቤቱ ያልተባለ አልነበረም፤ አብዛኛው ግን ስሕተት ነበር።

«የንስሐ አባት የፈረሙበት ኑዛዜ አይፈርስም»

ይህን ያላለ ሽማግሌ አልነበረም፤ እኔም አምኜው ነበር። ሕጉ ግን የንስሐ አባትን የሚቆጥራቸው እንደ አንድ ምስክር ብቻ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 881 በግልጽ ለሚደረግ ኑዛዜ አራት ምስክሮችን ይጠይቃል። ኑዛዜው በተናዛዡና በአራቱ ፊት መነበብ አለበት፤ መነበቡና ቀኑም በዚያው ጽሑፍ ላይ መገለጽ አለባቸው፤ ከዚያ ተናዛዡም ምስክሮቹም ወዲያው ይፈርማሉ ወይም ጣታቸውን ያትማሉ። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ሲሆን ብቻ ሁለት ይበቃሉ። የአጎቴ ወረቀት ሦስት ምስክር ነበረው፤ «ተነበበ» የሚል ቃልም የለበትም። አንድ ጎረቤት ተጠርቶ፣ አንድ መስመር ተጨምሮ ቢሆን ኖሮ የታናሿ የሦስት ዓመት ድካም ከንቱ አይቀርም ነበር። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

«ሰነዶች ማረጋገጫ ያልተመዘገበ ኑዛዜ ወረቀት ብቻ ነው»

ወንድሞቹ አጥብቀው የያዙት ይህን ነበር፤ እዚህ ላይ ግን ተሳስተዋል። ሕጉ ለኑዛዜ መጽናት ምዝገባን አይጠይቅም። ተናዛዡ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በገዛ እጁ ጽፎ፣ ኑዛዜ መሆኑን ገልጾ፣ ቀን አኑሮ ቢፈርም ምስክር እንኳ አያስፈልገውም። ይሁንና እንዲህ ያለው ኑዛዜ በተጻፈ በሰባት ዓመት ውስጥ ውል አዋዋይ ዘንድ ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ፈራሽ ይሆናል። ሣጥን ውስጥ አሥር ዓመት የከረመ ወረቀት ይዛችሁ የምትጽናኑ ካላችሁ፣ ቀኑን ዛሬውኑ እዩት።

«አልጋ ላይ ሆኖ የተናገረው ቃል ይጸናል»

የሚጸናው በጠባብ በር ነው። ሞቱ መቃረቡን የተረዳ ሰው ለሁለት ምስክሮች በቃል ሊናዘዝ ይችላል፤ ስለ ቀብሩ፣ ስለ ልጆቹ አሳዳሪና እያንዳንዳቸው ከ500 ብር ስለማይበልጡ ስጦታዎች ብቻ። ቤት በቃል አይተላለፍም። ተናዛዡ ከዚያ በኋላ ሦስት ወር ከኖረ ደግሞ ቃሉ ቀሪ ነው።

«አባት ‘ልጄ አይደለህም’ ካለ ከውርስ ተነቅሏል»

አጎቴ ከመካከለኛው ልጁ ጋር ተኳርፎ እንዲህ ማለቱን ሁላችንም ሰምተናል። በቁጣ የተባለ ቃል ግን ማንንም አይነቅልም። ልጅ ከውርስ የሚነቀለው በኑዛዜ፣ በግልጽ፣ ምክንያቱ ተጽፎ ነው። ፍርድ ቤቱ የሚመዝነው ምክንያቱ እውነት ቢሆን ለመንቀል ይበቃል ወይ የሚለውን ነው።

ታላቅ ወንድ ልጅ ብልጫ ያገኛል የሚለው እንዲሁ ወሬ ነው፤ ያለ ኑዛዜ ልጆች ሴት ወንድ፣ በጋብቻ የተወለደ ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ሳይባል እኩል ይካፈላሉ።

«ቤቱ የአባት ነው፤ እናት የምታገኘው ከተረፈው ነው»

በክርክሩ ሁሉ አክስቴ ጥግ ይዛ ዝም ብላ ነበር። ቤቱ በጋብቻቸው ዘመን አብረው የሠሩት ነው፤ ስለዚህ ግማሹ ከመጀመሪያውም የእርሷ ነው፣ ውርስም አይባልም። አጎቴ ሊናዘዝ የሚችለው በራሱ ግማሽ ላይ ብቻ ነበር። ይህን አንድም ሰው ሳይነግራት ወራት አለፉ። ዘጌ ያለው የቡና ይዞታ ደግሞ በክልሉ የገጠር መሬት ሕግ የሚመራ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ከቤቱ ጋር ደባልቆ መከራከር ጊዜ ማባከን ነበር።

«ኑዛዜው ከፈረሰ የአባት ፈቃድ አበቃለት»

ፈረሰ። የአክስቴ ድርሻ ተለየ፤ የቀረው ግማሽ ለአራቱ ልጆች እኩል ደረሰ። ነገር ግን ወራሽ በእጁ በገባው ድርሻ አዛዡ ራሱ ነው፤ ቢፈልግ ይተዋል፣ ቢፈልግ ይሰጣል። ታላቋ ልጅ በዚያው ሳምንት ድርሻዋን ለታናሿ ሰጠች። አባቱ የተኳረፈው መካከለኛው ልጅ ወረቀቱን ለብቻው ወስዶ ያችን ሐምራዊ የጣት አሻራ ሲያያት ቆየና እርሱም ሰጠ። ሌላው ወንድም ድርሻውን በገንዘብ ወሰደ፤ መብቱ ነውና ማንም አልከለከለውም። ታናሿ አሁንም ከእናቷ ጋር እዚያው ግቢ ትኖራለች።